ዘህራና የአደባባዩ ፀሐይ

ፀሐይ ለማንም አታዳላም ይባላል። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ጭራሽ መድኃኒት ናት ባዮች ነን፤ ጉንፋን የያዘው፣ ወገቡን የቆረጠመው፣ ከሚስቱ የተኳረፈው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃታል። እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እያልኩ እንዲሁ አምን ነበር፤ ዘህራን እስካውቅ ድረስ።

ዘህራ አዲስ ዓለም ሰፈር የጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነበረች። ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ፣ መሐረብ ሊገዛ የመጣውን ሙሉ ልብስ አስይዛ የምትሸኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን ተከትላ ኮላ ድባ ገበያ ስትውል ፊቷ በነጠብጣብ ተሞላ፤ ገና በወጣትነቷ አፍንጫዋ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣ። ሐኪሙ ቆርጦ አነሳላትና ከፀሐይ እንድትርቅ አዘዛት። እሷም እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ ሁላችን አንድ ፀሐይ አይደል የምንሞቀው? ምነው እኔን ብቻ ለይታ?»

ነገር በምሳሌ ነውና እንዲህ አልኳት። ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤ የሚባለውን መጽሐፉን ይገለብጣል። የፀሐይ ጨረር ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎችን ያጣብቃል። ዋናው ገልባጭ ጥንቁቅ ነው፤ የተጣበቀ ፊደል ሲያጋጥመው ቀጥ ይላል። ያኔ የተበላሸ ገጽ ማንበብ የለመደ ሌላ ገልባጭ ብዕሩን ተቀብሎ፣ ያቺን ቦታ በደኅና ያሻግርና ይመልስለታል። እሱ ከሌለ ግን ያገኘ ሁሉ ብዕሩን እየነጠቀ የመሰለውን ይጽፋል፤ ስሕተቱ ሲከማች ካንሰር ይሆናል። ዘህራ የጎደላት ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብለን እኔና ሐኪሙ ጠረጠርን። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ ጉድለቱን እንጂ የገልባጩን ማንነት ገና አላወቁም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰልፍ በሰልፍ ላይ፤ በየሰልፉ የቀረ ሰው እየተጠየቀ ይመዘገባል፤ ጥላ ፍለጋ ዳር የያዘ ሁሉ አድኃሪ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የዘህራን ጃንጥላ አይቶ «ለሰፊው ሕዝብ ያልከበደ ፀሐይ ለእሷ ምነው ከበደ?» አለ አሉ። ከአባቷ ጋር ሄድንና ያንኑ ምሳሌ ደገምኩለት። አገጩን እያሸ አዳመጠኝ።

«ቆይ» አለ፤ «ሥራው ሲቆም መጥቶ የሚያስቀጥለው ነው የጎደላት?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በል ገባኝ። የጎደላት ካድሬ ነዋ!»

ካስተማርኳቸው ሁሉ እንዲህ ፈጥኖ የገባው የለም። ካድሬ የቆመ ሥራ ሲያስቀጥል አይቼ ባላውቅም ዋጥ አደረግኩት። ከሰልፉም፣ ከዘመቻውም፣ ከአደባባዩም ነጻ ናት ተባለ። አባቷ እጁን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። የቀበሌው ሰው በቅናት አረረ፤ በሽታውን ከየት እንደሚያገኘው የጠየቀኝም አልጠፋም።

ዘህራ ግን መስኮት ዘግታ ተቀመጠች። የሱቁ በር ፀሐይ መግቢያ ነውና ሱቅ መዋሉም ቀረ። ጓደኞቿ በቀን ተዳሩ፤ የሠርጉን ዘፈን ከቤት ሆና ሰማችው። እኔ ከሰልፍ ጉሮሮዬ ደርቆ ስመለስ በመስኮቱ ስንጥቅ ትጠራኛለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ተባለ?»

«ትናንት የተባለው።»

«እሱን ተወው፤ ማን ከማን ጋር ቆመ? ማን ምን ለበሰ?»

መላው ጎንደር ከሰልፍ የሚያመልጥበትን ሰበብ ሲፈልግ፣ ሰልፍ የናፈቃት እሷ ብቻ ነበረች። ከሰልፍ ነጻ ያወጣናት መስሎን ነው እንጂ ለካ ከሰው ኖሯል የለየናት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ግን ሌላ ምን ይደረግ ነበር?

የልጅነቷ ፀሐይ የጣለባት ጉዳት ደግሞ አልተፋቀም። ቁስሉ ተመልሶ መጣ፤ ከአፍንጫዋ ወደ ዐይኗ ሄደ፤ ሐኪሙም እጁን ሰጠ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት አረፈች።

የተቀበረች ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳል። በድምፅ ማጉያ የተጠራ፣ በአብዮት ጠባቂ የተነዳ ሰው የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ መንገዱን ሞላው፤ ጥላ የፈለገ አንድም አላየሁም። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ መቃብሩ ዳር ቆመ። አፈሩ ተመልሶ ካበቃ በኋላ ዞር ብሎ ሕዝቡን አየና፣ መቼስ ልማድ ክፉ ነው፣ «የቀረ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።