ደስታ፣ ዘጠና ስምንት ከመቶ

[ኦውሉ፣ ፊንላንድ፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ። ቬሳ የሰው ፊት አይቶ ስሜት የሚለይ ማሽን ሲሠራ ጠጉሩ ሳስቷል። ነገ ሥራውን የምትሞግት ፕሮፌሰር ከስዊድን ትመጣለች፤ ማሽኑ ከሳተ ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው። ጓደኛው ኦስሞ የወተት ካርቶኑን አጠገቡ አስቀምጦ ካሜራው ፊት ወንበር ላይ ደርቆ ተቀምጧል፤ ፊቱ የተዘጋ በር ነው። ምስሉ የሚታይበት ስክሪን ወደ ኦስሞ፣ ቁጥሩ የሚወጣበት ወደ ቬሳ ዞሯል።]

ቬሳ፦ አትካድ፤ ደስ ብሎሃል።

ኦስሞ፦ አልካድኩም። ደስ አላለኝም እንጂ።

ቬሳ፦ «ደስታ፣ ዘጠና ስምንት ከመቶ» ይላል። ከማሽን ልትበልጥ ነው?

ኦስሞ፦ ምስሉንስ አየኸው?

ቬሳ፦ ምስል ለሕፃን ነው። ሊቅ ቁጥር ያያል።

ኦስሞ፦ እሺ። ትናንት የሳውናዬ ጣሪያ በበረዶ ተደረመሰ።

ቬሳ፦ ውስጥ ነበርክ?

ኦስሞ፦ አልነበርኩም።

ቬሳ፦ ይኸው፤ ተርፈሃላ። ደስ አይልም?

ኦስሞ፦ አማቴ ነበረች።

ቬሳ፦ ውይ። ምን ሆነች?

ኦስሞ፦ ምንም። ደህና ናት።

ቬሳ፦ [ቁጥሩን አይቶ] ንቅንቅ አላለም። አማትህን ትወዳታለህ ማለት ነው።

ኦስሞ፦ እዚህ ላይ እንኳ ማሽንህ ተሳስቷል።

ቬሳ፦ ስማኝ ወንድሜ። ነገ ፕሮፌሰሯ «እውነት ደስ ብሎሃል?» ብላ ስትጠይቅህ «አይ» ካልክ አለቀልኝ። በሞቴ፣ ውስጥህን ፈትሸው።

ኦስሞ፦ [ፈትሾ] ምናልባት ደስ ብሎኝ ይሆናል። አባቴም ደስ ሲለው አይታወቅበትም ነበር። በሠርጉ ቀን ቄሱ «ተገደህ ነው?» ብለው ጠይቀውታል።

ቬሳ፦ አየህ፤ አንተ ራስህን ሳታውቅ ማሽኑ አወቀህ።

[ኦስሞ የወደቀ ጓንቱን ሊያነሳ ጠረጴዛው ሥር ይገባል።]

ቬሳ፦ ዘጠና ስምንት። አሁንም ዘጠና ስምንት። [ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው፤ ላብ ያጠምቀዋል] ታዲያ ማን ነው ደስ ያለው?

ኦስሞ፦ [ከሥር] ላሟ።

ቬሳ፦ የምን ላም?

ኦስሞ፦ ወተቱ ካርቶን ላይ የምትስቀው። ማሽንህ ያገኘውን ፊት ስክሪኑ ላይ የሚያጥርበት አረንጓዴ ሳጥን ከጠዋት ጀምሮ እሷን ነው የከበበው። የኔን ፊት ከፊትም አልቆጠረው።

ቬሳ፦ የፊንላንድ ሰው ፊት እኮ ነው ያስተማርኩት።

ኦስሞ፦ እሷም ያገር ልጅ ናት።

ቬሳ፦ እያየህ ዝም አልከኝ?

ኦስሞ፦ «ምስል ለሕፃን ነው» አልከኛ።

[ቬሳ ካርቶኑን መንጭቆ ደረቱ ላይ ያቅፋል፤ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። ኦስሞ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ያየዋል። መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ የዕድሜ ልክ ሳቁን ይለቀዋል።]

ቬሳ፦ [ቁጥሩን እያየ] መቶ ከመቶ። ላሟ እኔ ጋ ናት፤ ያንተ ነው እንግዲህ። ኦስሞ፣ ማሽኑ ይሠራል። ነገም እንዲህ ትስቅልኛለህ?

ኦስሞ፦ [እንባውን እየጠረገ] ምን ችግር አለው። አንተ ብቻ ሴትዮዋ ስትገባ ላሟን እንዳቀፍክ «ሊቅ ቁጥር ያያል» በላት።