«ሞዳሊቲ» የሚለው ቃል በሳምንቱ ቀናት ስለ መከፋፈሉ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ዛሬ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በኮሌጁ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለው ክፍል የቃላት ኮሚቴው ተሰብስቧል።

የተገኙ፦ የሎጂክ መምህሩ (ሰብሳቢ)፣ የቋንቋ መምህሯ፣ የራጅ ሐኪሙ፣ እኔ ጸሐፊው። የሙዚቃ መምህሩ ወጣ ብለዋል፤ ኮታቸው ወንበሩ ላይ ስላለ እንደ ተገኙ ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የቃሉ ትርጉም

የአንዲት የሥነ ልቦና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ቃል በርዕሱ ስለያዘ፣ ኮሚቴው በአንድ ትርጉም ሳይስማማ አይፈረምም ተብሎ ከክረምት ጀምሮ ተይዟል። የቀጠራት የሕፃናት ሆስፒታል የሚጠብቃት እስከ ዛሬ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ማመልከቻዋ ተነቦ ወደ ጎን ተደርጓል።

ሰብሳቢው ቃሉ «የግድ የሚሆነውንና ሊሆን የሚችለውን መለያ ነው፤ አለቀ» ብለዋል። የቋንቋ መምህሯ አለማለቁን ገልጸው፣ «መጥቶ ይሆናል» ወይም «መምጣት አለበት» ስንል የምናሳየው እርግጠኝነትና ግዴታ መሆኑን አስረድተዋል። ሐኪሙ ቃሉ የምርመራ ዘዴ ማለት ሆኖ ራጅ አንድ ሞዳሊቲ፣ አልትራሳውንድ ሌላ ሞዳሊቲ መሆኑን ተናግረው፣ ይህን የማያውቅ ሰው ሆዱን ሲያመው እንደሚገባው በትሕትና አስጠንቅቀዋል። ቃሉ በሙዚቃ ከቅኝት ጋር መያያዙ፣ ኮቱ ስላልተቃወመ፣ ጸድቋል።

ተማሪዋ ከኮሪደር ተጠርታ ስትጠየቅ፣ «እኛ ጋ ማየት፣ መስማት፣ መዳሰስ ማለት ነው። ሕፃናቱ በየትኛው ቶሎ እንደሚማሩ ነው ያጠናሁት» ብላለች። ሰብሳቢው ይህ በጣም ግልጽ ስለሆነ ለኮሚቴው አሠራር እንደማይመች ጠቁመዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቃሉ በቀን እንዲከፋፈል ተወስኗል፦ ሰኞ ለሎጂክ፣ ማክሰኞ ለቋንቋ፣ ረቡዕና ሐሙስ ለሕክምና፣ ዓርብ ለሙዚቃ። ቅዳሜ ቃሉ ይረፍ ተብሏል። የቋንቋ መምህሯ «ዶክተር፣ እርስዎማ ሳምንቱንም ይጠቅልሉት» በማለት ደስታቸውን ገልጸዋል። ለሥነ ልቦና የተረፈው እሁድ ነው። ተማሪዋ «እሁድ ማን አለና ነው የሚፈርምልኝ?» ብላ ጠይቃ፣ ጥያቄው ተገቢ መሆኑ ታምኖበት ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

የሙዚቃ መምህሩ ኮታቸውን ሊወስዱ ተመልሰው፣ «ቆይ፣ አንድ ቃል በየትምህርቱ የየራሱ ትርጉም ቢኖረው ማን ተጎዳ?» አሉ። ሰብሳቢው የቀን ድልድሉ እንዲሰረዝ አዘዙ። እኔ በበኩሌ አፍሬያለሁ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቃሉ በየትምህርት ክፍሉ እንደ ነበረ ይቀጥላል። የተማሪዋ ጽሑፍም ከመጀመሪያው ወደዚህ መምጣት ስላልነበረበት ሊፈረም ይችላል። የሚፈርሙት የኮሌጁ ዲን ግን ቢሯቸውን ቆልፈው ሄደዋል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል። ተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?» ብላ መጠየቋ በዚህ ቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።