የሕንድ ፍርዶችና የአቶ በራሶ እግር

ሰው ሁሉ አንድ የማይጠቅመው ልማድ አያጣም። አንዱ የጠፋ በር ቁልፍ ያጠራቅማል፤ ሌላው ያላየውን የኳስ ጨዋታ ይተነትናል። የእኔ ልማድ የአንድ የሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ማንበብ ነው። «ዲላ ተቀምጠሽ ከሕንድ ጋር ምን አገናኘሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ስማር አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበሩን። ፍርድ የሚነበበው በአራት ዓምድ ነው ይሉን ነበር፦ ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ ሕግ፣ ውሳኔ። አንዱን ዓምድ የዘለለ ተማሪ ወረቀቱ ሳይታረም ይመለስለታል። ጓደኞቼ አመረሩ፤ እኔ ወደድሁት። ምን ላድርግ? ቤቴ ውስጥ ቅመም እንኳ የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። በርበሬ ከአብሽ ይቀድማል፤ ክርክር የለውም።

ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከተቀጠርሁ በኋላም ልማዱ አለቀቀኝም። የዚያ ፍርድ ቤት አዳዲስ ውሳኔዎች በስልኬ ይመጡልኛል። አነባለሁ፤ በአራት ዓምድ ከፍዬ በደብተሬ እመዘግባለሁ። አንድ ሳምንት ጡረታ ሊወጣ ወር ሲቀረው «ለካ የተወለድሁት ዘግይቼ ነው» ብሎ የልደት ቀኑን ለማስለወጥ የከሰሰ መምህር ይገጥመኛል። በሌላው ሳምንት ንብረታቸውን ሁሉ ተካፍለው በውሻቸው የተጣሉ ባልና ሚስት። ደግሞ ታሞ ከክፍል በመቅረቱ ፈተና የተከለከለ ተማሪ። አገሩ ሩቅ ነው። ጠቡ ግን ከሰፈሬ የተወሰደ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አንብቦ ይጠግባል?

ታዲያ አንድ ሐሙስ አክስቴ አስቴር ከባንኮ ጎቲቲ ደወለች። ጎረቤቷ አቶ በራሶ በድንበራቸው ላይ ያለውን ዋንዛ ልቁረጥ ብሏል። «ግንዱ ወደ እኔ ያመዝናል፤ ለበርና ለመስኮት እፈልገዋለሁ» ይላል። ዛፉ በእርግጥ ወደ እሱ ያመዝናል። ጥላው የሚያርፈው ግን በአክስቴ ቡና ላይ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መተዳደሪያዋ ያ ቡና ብቻ ነው። ዋንዛው ከተቆረጠ ቡናውን ፀሐይ ይጨርሰዋል።

«ሃያ ዓመት አብረን ኖርን። ዛሬ ምን ነካው?» አለችኝ። «ቅዳሜ ሶንጎ ይቀመጣል። አንቺ የተማርሽው ለመቼ ነው?»

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ አክስቴ ስታለቅስ እኔ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። በደብተሬ ውስጥ የድንበር ዛፍ ፍርድ ነበረኛ። የሕንዱ ፍርድ ቤት፣ በድንበር ላይ ያለን ዛፍ አንደኛው ጎረቤት ያለሌላው ፈቃድ አይቆርጥም ብሏል። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባል የለ? ወደ አማርኛ መለስሁት፤ በሦስት ቅጂ አተምሁት፤ ገጾቹን ቁጥር ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ከዲላ በጠዋት ተነሥቼ፣ ይርጋ ጨፌ ላይ መኪና ቀይሬ፣ የቀረውን በሞተር ብስክሌት ደረስሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የሁሉም ታላቅ አባባ ጅግሶ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል ይባላል። አክስቴ ተናገረች። አቶ በራሶ ተናገረ። ከዚያ እኔ ተፈቀደልኝና አራቱንም ዓምድ አነበብሁ።

አቶ በራሶ ተረታልኝ ብዬ አሰብሁ። አባባ ጅግሶ ጉሮሮአቸውን ጠርገው «ሌላም አለሽ?» አሉኝ።

ማስረጃ ያነሰኝ መሰለኝና ደብተሩን ገለጥሁ። የመምህሩን የልደት ቀን አነበብሁላቸው።

አንዱ ሽማግሌ «ዕድሜውንማ አብረውት ያደጉት ያውቁታል። ጠርተው አልጠየቋቸውም?» አሉ።

አልተጻፈም አልሁ።

የውሻውን ጉዳይ ስነግራቸው ሁሉም ወደፊት ጠጋ አሉ። ውሻው ሲጠሩት ወደ ማን ሄደ ተባልሁ። ውሻው ፍርድ ቤት አልቀረበም አልሁ።

«ዳኞቹ ውሻውን ሳያዩት ነው የፈረዱት?»

«መዝገቡን አይተዋል፣ አባባ።»

«ውሻው መዝገብ ያውቃል?»

ሶንጎው ሳቀ። አቶ በራሶ ራሱ ሳቀ። አክስቴ የቀሚሴን እጅጌ ጎተተችኝ። «ልጄ፣ ስለ ሕንድ ውሻ እንድትከራከሪ ነው እንዴ የጠራሁሽ?»

አባባ ጅግሶ ግን አልሳቁም። «ወደ ዛፉ እንመለስ» አሉ። «እነዚያ ሁለት ሕንዶች ስለ ዛፉ ከመጣላታቸው በፊት ምን ሆነው ነበር?»

ደብተሬን አየሁ። ፍሬ ነገር፦ ዛፍ። ጭብጥ፦ ዛፍ። «በአራቱ ዓምድ ውስጥ የለም፣ አባባ።»

«አምስተኛ የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ዳኞቹ የሰሙት ዛፉን ነው» አሉና ወደ አቶ በራሶ ዞሩ። «በራሶ፣ ይህን ዋንዛ መጥላት የጀመርኸው መቼ ነው?»

ይህ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? በየትኛው ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቀዳል? ተቃውሞዬን ላሰማ አፌን ስከፍት አቶ በራሶ መሬት መሬት እያየ ቀድሞኝ ተናገረ።

«ስተኛ ነው። እግሬ ተሰብሮ ሁለት ወር ስተኛ በበሩ የሚታየኝ ይሄ ዋንዛ ብቻ ነው። ከዋንዛው ወዲያ የአስቴር ቤት። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልሁ ዋንዛውን ሳይ ከረምሁ።»

«ቆጮ ልኬልሃለሁ» አለች አክስቴ።

«ቆጮው መጣ። አንቺ አልመጣሽም።»

«የለቀማ ወቅት ነበር፤ ቡናው እየረገፈብኝ።»

«አውቃለሁ። ስትለቅሚ ከአልጋዬ ሆኜ አይሽ ነበር። የባልሽን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ፣ አስቴር።»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔም ሦስቱን ቅጂዎች ቀስ ብዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኋቸው። የነገር ሥሩ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሥሩን ፍለጋ በሕንድ በኩል መዞሬ ግን ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ፈረዱ። አስቴር ሄዳ የበራሶን እግር ትጠይቅ።

«ድኗል እኮ» አለች አክስቴ። «በእግሩ ነው እዚህ የመጣው።»

«ይተኛላ» አሉ አባባ ጅግሶ።

ይህን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም። እጄን አውጥቼ፣ አባባ፣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ተብለን ተምረናል አልኋቸው። «ሕጉ አይመለስ» አሉኝ። «እሷ ትመለስ።»

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሄድን። አቶ በራሶ በትእዛዙ መሠረት ተኝቷል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ አንድ ጉልበቱን አቁሟል። ሚስቱ ወንበር ሰጠችን። አክስቴ የያዘችውን አኑራ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንዴት ሆንህ?»

«ተመስገን፣ ይሻለኛል።»

«በጣም ያምሃል?»

«ሲበርደኝ ነው የሚብሰው።»

«የትኛው ነው?»

አቶ በራሶ ትንሽ አሰበ። «ቀኙ።»

«ግራው ነው» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

እኔ ሳቄን ለመያዝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ዓይኔን ስመልስ አክስቴ ከብርድ ልብሱ በላይ እጇን በእግሩ ላይ አሳርፋለች፤ ያልተሰበረው እግር ላይ። ዓይኗ ረጥቧል። «ሳልመጣ ቀረሁ» አለችው። አቶ በራሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ዋንዛው ይቁም» አለ። «ለበሩ ሌላ እንጨት አላጣም።»

ዲላ ተመልሼ በደብተሬ ላይ አምስተኛ ዓምድ አሰመርሁ። ርእሱን «ከነገሩ በፊት ምን ሆነው ነበር?» አልሁት። በሕንዶቹ ፍርዶች ሁሉ ትይዩ ባዶ ነው። ወጌንም እዚህ ላይ፣ ዳኛ ያልደረሰበት ጠያቂ ይደርስበታል በሚል ምክር ልዘጋው አስቤ ነበር። ቆንጆ ምክር ነበር። ማክሰኞ ዕለት አቶ በራሶ ደወለ።

«ያ የሕንዱ ፍርድ ቤት ከፍተኛ ነው ብለሻል። ከሶንጎ ይበልጣል ማለት ነው?»

ለምን እንደፈለገው ጠየቅሁት።

«ይግባኝ ልል ነዋ። ሁለት ወር ለተኛሁ አንድ እሑድ ብቻ ነው የፈረዱልኝ።»

ያ ፍርድ ቤት በባንኮ ጎቲቲ ላይ ሥልጣን እንደሌለው በዝርዝር አስረዳሁት። ይግባኙ ግን ፍሬ ነገር እንዳለው አልካድሁም። ሁለት ወር ቢያንስ ስምንት እሑድ ነው፤ አንዱ ተፈጽሟል፣ ሰባት ይቀራል። ለአክስቴ ደወልሁላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እሄዳለሁ» አለች። «ግን የትኛው እግር እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ።»

ጽሑፉ ትናንት ደርሶኛል። ግራው ነው። ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አድርጌዋለሁ።