ብራውዘር የሚያድሱት ጋሼ

በየቤተሰቡ ሦስት ሰው አይጠፋም፤ የሚያስታርቅ፣ የሚያጣላ እና የሰው ኮምፒውተር የሚያድስ። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ብዙ ተብሏል። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ዞር ብሎ ያየው የለም። እናንተም ቤት አለ። ገና ጫማውን ሳይጠርግ ዓይኑ ጠረጴዛውን ይፈልጋል፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁ ማውዙ ላይ ያርፋል፣ «ደህና ናችሁ?» ካለ በኋላ «ብራውዘሩስ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ቤቱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

ቤት ውስጥ «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ የምናናግራቸውም «አንተ» እያልን ነው። በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸው ይጠበቅላቸው፦ ክቡር የብራውዘር እድሳት የበላይ ጠባቂ፣ የአሮጌ ላፕቶፖች ሁሉ አሳዳጊ። መተዳደሪያቸው ሊፍት መጠገን ነው። ሊፍት ደግሞ ከመውደቁ በፊት ነው የሚጠገነው። ይህን ትምህርት ከሥራ ይዘው ቤታቸው ገቡ፣ ከቤታቸው ደግሞ ወደ እኛ ቤት አመጡት። መፈክራቸው «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው፤ በቀን ውስጥ ሳይሉት ከዋሉ ራስ ምታት የሚነሣባቸው ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው ዘመድ ሁሉ ሊጥላቸው የተነሣቸውን ላፕቶፖች ሲሰበስቡ ነው። ሲከፈቱ የሚያቃስቱ፣ አንድ ገጽ ለማውጣት ሻይ የሚያስፈሉ ማሽኖች ነበሩ። ክቡርነታቸው በአንድ ፍላሽ ሊኑክስ የሚሉትን ቀለል ያለ የኮምፒውተር ሲስተም ይዘው መጡ። ይህ ሲስተም ጥቂት ሜሞሪ ይበቃዋል፤ ላፕቶፑ ሲነሣ ሁለመናው ከፍላሹ ወደ ሜሞሪ ይወጣና ማሽኑ እንደ ጎረምሳ ይፈተለካል። ሙታን ተነሡ፣ የእኔም ላፕቶፕ ጭምር። የአማቴ ላፕቶፕ እንኳ፣ ባትሪው ከሞተ የቆየው፣ በገመድ ብቻ ነፍስ የሚዘራው፣ ቆሞ ሄደ። ሁላችንም አፋችንን በእጃችን ይዘን አመሰገንናቸው።

ጥፋታችን ማመስገናችን ነበር። በዚህ ሲስተም ላይ ብራውዘሩ አንድ ወጥ ጥቅል ነው፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን በቦታው የሚተካ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እኔ አንዴ ደፍሬ «ጋሼ፣ ራሱ እንዲታደስ ማድረግ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይቻላል» አሉኝ። «ግን ቁጭ ብሎ አዲስ ነገር የሚጠባበቅ ፕሮግራም ሜሞሪ ይበላል። እኔ ስመጣ ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው።»

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ለጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ጽሑፌን የማስረክበው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የመጨረሻዋን አንቀጽ ይዤ ስታገል ከትከሻዬ በላይ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ስንተኛው ስሪት ነው?»

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ነው ያደስከው።»

«ባለፈው ሳምንት ያደስኩት የባለፈውን ሳምንት ነው።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ ይግባኝ የለም። ወንበሬን እለቃለሁ። ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ይከፍቱና በሁለት ጣት፣ ሰው እንደሚያስታምም ሰው ቀስ ብለው ይጽፋሉ። የከፈትኳቸው ገጾች፣ ለወራት «አነባቸዋለሁ» እያልኩ ያቆየኋቸው፣ በአንድ ጊዜ ድራሻቸው ይጠፋል። ኢንተርኔቱ ተጎትቶ አዲሱ ስሪት አልወርድ ሲል እኔ ጥፍሬን እበላለሁ፤ እሳቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ተወው፣ ደስ ይበለው!» ትላለች። የእኔ ደስታ በዚህ ቤት አጀንዳ ሆኖ አያውቅም።

ለሥራቸው ቦታ አይመርጡም። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው፣ ወንበሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው እንደተጋደሙ፣ የሐኪሟ ኮምፒውተር ላይ «አዲስ ስሪት አለ» የሚል ምልክት አዩ። አፋቸው ውስጥ ጥጥ አለ። «አአ! አአ!» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። ሐኪሟ ያመማቸው መስሏት ሌላ ማደንዘዣ ጨመረች። እሳቸው የበለጠ ጮኹ፣ እሷም የበለጠ አዘነችላቸው። በመጨረሻ ጥርሱ ወጣ፤ ክቡርነታቸውም በግማሽ ፊታቸው ፈገግ እያሉ፣ በደነዘዘ ከንፈር እየተኮላተፉ የሐኪሟን ብራውዘር አድሰው ወጡ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ብለው መክረዋታል፤ እሷ ግን አንድም ቃል እንዳልገባት እርግጠኛ ነኝ።

ትልቁ ሽንፈታቸው ግን ከገዛ እናታቸው ቤት ነው የመጣው። አማቴ ጡረታ የወጡ የስፌት መምህርት ናቸው። በየሳምንቱ በዚያ ላፕቶፕ በቪዲዮ ለጥቂት ሴቶች ዳንቴል ያስተምራሉ። ክቡርነታቸው የእናታቸውን ብራውዘር ያድሳሉ፤ በሳምንቱ ሲመለሱ አሮጌው ስሪት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ደግመው ያድሳሉ፣ ደግሞ ያረጃል። ሰርጎ ገብ ጠረጠሩ። የይለፍ ቃል ቀየሩ። ጎረቤቱን በጥርጣሬ ዓይን አዩ። በመጨረሻ ቤተሰቡን ሰብስበው ምርመራ ጀመሩ።

«እማዬ፣ ማነው ይሄን የሚነካው?»

«ማንም አይነካውም። እኔም ስጨርስ ሶኬቱን ነቅዬ እተኛለሁ።»

ክቡርነታቸው ግድግዳውን ተደገፉ። ይህ ሲስተም ሜሞሪ ላይ ነው የሚኖረው ብያችኋለሁ፤ ሲዘጋ «የተለወጠውን ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያስቀምጥ ገመዱ ከተነቀለ የተሠራው ሁሉ እንዳልተሠራ ይሆናል። ለካ ያንን ሁሉ ቅዳሜ አንዱን ብራውዘር ነው ሲያድሱ የከረሙት። ወዲያው ወረቀት አምጥተው ከሶኬቱ በላይ «ሳያስቀምጡ መንቀል ክልክል ነው» ብለው ለጠፉ።

«በገዛ ቤቴ ትእዛዝ ይለጠፍብኛል?» አሉ አማቴ። በሳምንቱ ስንሄድ ወረቀቱን በሚያምር ነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ አገኘነው። መንቀሉን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ተዉት።

እንዲህ እያልን ስንኖር አንድ ቅዳሜ ክቡርነታቸው መጡ፣ ጫማቸውን ጠረጉ፣ ሰላም አሉን፣ ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው፣ ጠጡ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁ። ከዚያም በመስኮት አሻግረው እያዩ «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» አሉ።

ባለቤቴ እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝ። ፊቷ ቀለሙ ተለውጧል።

«ወንድሜን አንድ ነገር ነክቶታል።»

«ምን አለ?»

«ስለ ዝናብ ጠየቀኝ እኮ! ስለ ዝናብ!»

እኔም ሆን ብዬ ላፕቶፔን ከፍቼ አፍንጫቸው ሥር አስቀመጥኩት። የእድሳቱ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። አላዩትም። ሲወጡ ልሸኛቸው ብዬ ደረጃው ድረስ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሊፍት የሚጠግኑት ሰው በደረጃ ነው የሚሄዱት፤ ይህም ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

«የእማዬ ማሽን አበቃለት» አሉኝ። «ፕሮሰሰሩ የድሮው ዓይነት ነው። ብራውዘር የሚሠሩት ሰዎች ለእሱ መሥራት ተዉ። አሁን ያለው ስሪት የመጨረሻው ነው።»

«ታዲያ ይሠራል አይደል?»

«ዛሬ ይሠራል። የምታስተምርበት ገጽ ግን ከሚመጣው ወር ጀምሮ አሮጌ ብራውዘር አላስገባም ብሏል። ስልኩ አይሆናትም፣ የዳንቴሉ ቀዳዳ አይታያትም።»

«ነግረሃታል?»

አንገታቸውን ደፉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድና ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ‘ታደሰ?’ ትለኛለች። ‘ታደሰ’ እላታለሁ። እናቴን እዋሻለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የምሰማት እዚያ ትምህርቷ ላይ ብቻ ነው።»

አንጀቴን በሉት። ስንት ቅዳሜ ወንበሬን የቀሙኝ ሰው፣ ለዓለም ሁሉ «አሮጌ ይነሣ፣ አዲስ ይተካ» ሲሰብኩ የኖሩ ሰው፣ አንድ አሮጌ ነገር ማንሣት አቅቷቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።

«አዲስ እንግዛላት» አልኩ።

«እሷን አታውቃትም? የዛሬ ዓመት አዲስ ምጣድ ብገዛላት ለጎረቤት ሰጠችው። ‘የአባትህ ማሽን ይሠራል፣ ምን ጎደለኝ’ ነው የምትለኝ።»

እውነታቸውን ነው። አማቴ ስጦታ አይቀበሉም። ነገር ግን ጥያቄ እምቢ ብለው አያውቁም፤ ስኳር የጠየቀ ጎረቤት ስኳርና ሻይ ይዞ ነው የሚመለሰው። ይህን ሳስብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእኔ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ አዲሱ ዓይነት ነው፤ ገና ብዙ ብራውዘር ይሸከማል።

በማግሥቱ ብቻዬን ሄድኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምን ገዶኝ፣ የኔ ልጅ።»

«የእርስዎ ላፕቶፕ ኪቦርዱ ለጽሑፍ ይመቸኛል። ከእኔው ጋር ቢቀይሩልኝ ብዬ ነው።»

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ያ ኪቦርድ ሁለት ፊደል ወልቆበታል እኮ።»

«እነሱን ብዙም አልጠቀምባቸውም።»

መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ ሰሞኑን ሲጽፍ ፊቱን እያየሁት ነበር» አሉ። «ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። እኔ ስለምን እንደሚዋሽ አላወቅኩም እንጂ።» ላፕቶፑን ራሳቸው በጨርቅ ጠርገው፣ ገመዱን ጠቅልለው ሰጡኝ። «በደንብ ያዘው፤ ሰውዬው ይወደው ነበር።»

እንዲህ ሆኖ ተቀያየርን። ክቡርነታቸው የእኔን ለእናታቸው አዘጋጁ፤ ብራውዘሩን አደሱ፣ ይህን ጊዜ የምራቸውን። በዚያ ሳምንት ክፍሉ ላይ አንዲት ተማሪ የጀመረችው የጠረጴዛ ልብስ ካልሲ ሆኖባት አማቴ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ልጃቸው ከካሜራው ውጭ ቆመው ይሰሙ እንደነበር ባለቤቴ ነገረችኝ።

ወደ እኔ የመጣውን አሮጌውን ማሽን ግን ክቡርነታቸው አልማሩትም። «ያረጀ ብራውዘር ይዘህ ኢንተርኔት አትገባም» ብለው ብራውዘሩን ከነሥሩ ነቀሉት። አሁን መጻፊያ ብቻ ነው። ጽሑፌን በፍላሽ ይዤ ዝግጅት ክፍል አደርሳለሁ። የሚታደስ ነገር የለውም።

ቅዳሜ መጣ። በሩ አልተንኳኳም። ክቡርነታቸው እናታቸው ዘንድ ናቸው፤ እዚያ እውነተኛ ሥራ አለ። ወንበሬ የእኔ ሆነ። ማንም ከትከሻዬ በላይ አልተነፈሰም፣ የጀመርኩትን አንቀጽ ማንም አላቋረጠኝም። ጽሑፌን ገና ከረፋዱ ጨረስኩ። ይህን ነፃነት ለስንት ዘመን ስመኘው ነበር! ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩ። ባለቤቴ ሻይ አፍልታ ሁለት ብርጭቆ ቀድታለች፤ ሦስተኛውን ደግሞ ባዶውን አስቀምጣዋለች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚሁ አለፈ። ጽሑፉም፣ ከልቤ ልንገራችሁ፣ ደረቅ ሆነብኝ። የሚያናድደኝ ሰው አጣሁ።

ማዕረጉን ልተወውና፣ ጋሼን እወደዋለሁ። ለካ ብራውዘሩ ሰበብ ነበር፤ ለእሱም ለእኛም። እኛ ቤት ውስጥ «ናፈቅከኝ» ማለት ለማንም አይቀናም። በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኬን አንሥቼ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን…»

«ምን ሆነ?» ድምፁ ወዲያው ነቃ። «ምን ብሎ ጻፈልህ? ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

ስክሪኑን አየሁት። ጽሑፌ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ብልሽት ልፈጥር ፈለግኩ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ውሸት ግን እውቀቱም የለኝ።

«ምንም አልሆነም» አልኩት። «ናፍቀኸን ነው። ና ብቻ።»

የቁልፍ ቅጭልጭልታ፣ የበር ድምፅ ሰማሁ።

«መጣሁ» አለኝ። «እስክደርስ ምንም እንዳትነካ።»