ወይዘሮ ስንዱ ሙሽራ እንዳይያዝ በር የያዙበት ዜና

በሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት ዓመተ ዓለም፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ ወይዘሮ ስንዱ የዕድር ሊቀ መንበር በሆኑ በዘጠነኛው ዓመት፥ በወርኃ ጥር፥ በጎንደር ጠርዝ በፀዳ እንዲህ ሆነ።

እኒህ የጋኖች አዛዥ፥ የድስቶች እመቤት፥ ድምፃቸው ሦስተኛ ጎረቤት የሚደርስ ወይዘሮ፥ አንድያ ልጃቸውን መቅደላዊትን እሑድ ለባጃጅ ነጂው ለወንድምአገኝ ሊድሩ ሳሉ፥ ሙሽራውም ዓርብ ጠዋት ዳስ ሊተክል መጥቶ ሳለ፥ ኮንስታብል አቢ የፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ከደጅ ደረሰ። ወንድምአገኝ ባየው የመኪና ግጭት ለምስክርነት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ነበርና፥ ተይዞ ይቅረብ ተብሎ ታዘዘ።

ወይዘሮ ስንዱም የእህታቸው ልጅ ሰርግ፥ ሙሽራው በዋዜማው ታስሮ መፍረሱን አስበው ልባቸው ራደ፤ ፊታቸው ግን አልራደም። ሙሽራውን ግቢ ውስጥ አስቀርተው፥ በሩን ከውጭ ቆልፈው፥ ቁልፉን በደረታቸው ከትተው፥ ማማሰያቸውን እንደ በትረ መንግሥት አቁመው፥ ከደጃፉ ድንጋይ ተቀመጡ። በቀኛቸው ጎረቤታቸው ማስተዋል በከተፈችው ሽንኩርት እንባዋ እየወረደ፥ በግራቸው ዳስ ሊያግዙ የመጡት አያ ወልደኢየሱስ የዳስ ገመድ ታጥቀው፥ ከዚያም ወዲያ ስድስት የዕድር ሴቶች ከነወንፊታቸው ተሰለፉ።

አዋጅም አስነገሩ፦ «እኔ ስንዱ እያለሁ ሙሽራ ከዚህ ደጅ አይወጣም! ምነው ልጄ፥ ሰኞ የለም ወይ? ሰርጉን በልተህ ሰኞ ውሰደው!»

ኮንስታብሉም መለሰ፦ «እትዬ ስንዱ፥ ሸጋ ሰው ነዎት። የተፈቀደ እስር ማደናቀፍ ግን ራሱ ያሳስራል። እባክዎ ይነሡ።» ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተነሡም። ሴት ፖሊስ አስጠራ።

ወእምድኅረ ዝንቱ ሙሽራው፥ አማቱ በእርሱ ጦስ ሊታሰሩ መሆኑን ሰምቶ አፈረ። በጓሮ አጥር ዘሎ፥ በእግሩ ፍርድ ቤት ሄዶ፥ ምስክርነቱን ሰጥቶ፥ በተግሣጽ ተለቀቀ። ይህን ያላወቁት ወይዘሮ ግን ሙሽራ የሌለበትን ግቢ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጠብቁ ቆይተው፥ ማማሰያውን ለማስተዋል አስረክበው፥ ቀና ብለው ተያዙ።

ዳኛውም ከሰዓት በኋላ፦ «ተከሳሽ ዋስ ጠርተው ይውጡ» ብለው አዘዙ። ዋስ ሆኖ የቀረበው ወንድምአገኝ ነበር። ሦስት ጊዜ የቀረው ሰው አማቱ አንድ ቀን እንዳይቀሩ ፈረመ፤ ወይዘሮዋም አቀርቅረው ቀና አላሉም። እሑድ ሰርጉ ሆነ፤ አቢም ተጠርቶ በላ።

በወሩ ፍርድ ተሰጠ፤ ሁለት ወር እስራት፥ በገደብ። ዳኛውም ይጸጸቱ እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሮ ስንዱም ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ተጸጽቻለሁ ጌታዬ። ደግሞም አይደገምም፤ የምድራት ሌላ ልጅ የለችኝም።» ዳኛው ፊታቸውን በመዝገቡ ጋረዱ።

ከጎንደር እስከ እንፍራንዝ ያላችሁ አማቾች ሁሉ ስሙ፦ ስንዱን የመሰለች አማት ለአንድ አማች ትበዛለች!