የእትዬ አስካለ ዝግባ

ኃላፊነት የሚፈራ ኃላፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ አቃቂ በሰቃ ገጥሞኛል።

በጎረቤቴ በእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። ታዲያ ግንድ የሚያህል አንድ ቅርንጫፉ ተሰንጥቆ ልክ ከመኝታ ቤታቸው ጣሪያ በላይ ተንጠለጠለ። ነፋስ በመጣ ቁጥር እትዬ አልጋቸውን ወደ በሩ ይጎትታሉ።

ፈቃድ ልንጠይቅ አብረን ወደ ወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሄድን።

«ዛፉ የመንግሥት ነው፤ እንዳትነኩት!» አለን ኃላፊው።

«ከወደቀብኝስ?» አሉ እትዬ።

«ከወደቀማ የግቢው ባለቤት ይጠየቃል።»

ሲቆም የመንግሥት፣ ሲወድቅ የእሳቸው! እንዲህ ያለ ዛፍ ሌላ ቦታ አይታችኋል?

ሁለት ክረምት ከተመላለስን በኋላ ኃላፊው ራሱ ሊያይ መጣ። ቀና ብሎ አየና «ምንም አያሰጋም» አለ።

እትዬ አልተከራከሩትም። ወንበር አምጥተው ከተሰነጠቀው ቅርንጫፍ ሥር አስቀመጡና «እንግዲያው አረፍ በልና እሱኑ ጻፍልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉት።

ተቀመጠ። «ምንም» ብሎ እንደጻፈ ነፋስ መጣ፤ ቅርንጫፉም ሲጥጥ አለ። የመንግሥት ሠራተኛ እንደዚያ ሲሮጥ በሕይወቴ አላየሁም። እስክሪብቶውን ጥሎ አስፋልት ላይ ተገኘ!

በማግስቱ ፈቃዱ ደረሰ፤ ቅርንጫፉ ተቆረጠ። እትዬም መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ከሳቅ የተነሳ ግን መጨረስ አቃታቸው። ምክንያቱ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ለጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ደህንነት ሲባል።»