ፎቶ ብዥ የሚልባቸው ምክንያቶች

ሰው ካሜራው እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መምታት ነው። ሬዲዮ ያስለመደን ጠባይ ይመስለኛል። አንዴ ጠፍ ጠፍ፣ ሁለተኛ ጠንከር አድርጎ፣ ከዚያ ወደ እኔ ይዞት ይመጣል። ምን እንደነካው አላውቅም፣ ዝም ብሎ ነው የቆመው ይለኛል። ዝም ብሎማ አልቆመም፤ ጀርባው ላይ የአምስት ጣት አሻራ ይታያል።

እኔ ገንዳ ውሃ የምትባል የድንበር ከተማ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ዲጂታል ካሜራ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው የማወራችሁ። የእኔዋ የመጣችው ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ነው። ስለዚህ የምታውቀው ዓረብኛ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ አንድም ፊደል አላውቅም። ቢሆንም ቦታ ቦታውን ለመድኩት፤ ከላይ ሦስተኛው ፍላሽ፣ ከታች ሁለተኛው ማጥፊያ። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ አዘነልኝና ወደ እንግሊዝኛ ቀየረልኝ። ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈታሁ። በስንት ልመና ወደ ዓረብኛዋ አስመለስኳት።

እንግዲህ የካሜራን በሽታ ከእኔ ስሙ። አልበራም ካለ ባትሪ ነው። አዲስ ባትሪ ነው ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ ድንበር ላይ የሚሸጥ ባትሪ አዲስ የሚሆነው ማሸጊያው ብቻ ነው። ሌንሱ ወጥቶ አልመለስ ካለ አቧራ ገብቶበታል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በአፋችሁ አትንፉበት፤ ምራቅ ይገባል። ካርዱ ሞላ ካላችሁ የድሮውን ፎቶ አጥፉ፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሚስታችሁን ጠይቁ። በሚያዝያ ሙቀት ራሱን ካጠፋም አትደንግጡ። ጥላ ሥር አስቀምጡት። እኛስ በሚያዝያ ከዚህ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ብዥ ማለት ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፎቶ ብዥ የሚለው ብርሃን ሲያንስ፣ የአንሺው እጅ ሲንቀሳቀስ፣ ሌንሱ ሲቆሽሽ፣ ወይም በጣም ሲጠጉ ነው። በቃ። ይህን ይዤ ስንቱን ካሜራ ከመጣል አድኛለሁ መሰላችሁ! በዚህም ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም። እንዲህ እንደኮራሁ አንድ ኅዳር ላይ አንማው መጣ።

አንማው ከጎጃም የወረደ ሳሉግ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። ሳሉግ ወደ አገሩ ሳይመለስ ፎቶ ይነሳል። ቆላ ወርዶ ሰው መሆኑን እናቱ ማየት አለባታ! ለዚሁ ተብሎ ግድግዳዬ ላይ አንድ ጥቁር የሱፍ ኮት ተሰቅሏል። በዚያ ሙቀት እሱን ለብሶ መቀመጥ ቅጣት ነው። ስንቱ ጎበዝ ፍላሹ ቦግ እንዳለ አውልቆ ይወረውረዋል።

አንማው ግን ኮቱን ወደደው። እስከ አንገቱ ቆለፈው። አነሳሁት፤ ብዥ። ሌንሱን ጠርጌ ደገምኩ፤ ብዥ። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። አሁንም ብዥ። እጄ ይሆናል ብዬ ካሜራዋን ሣጥን ላይ አስደግፌ አነሳሁ። ያው ነው። ተናደድኩ። ጥግ የነበረውን የሰሊጥ ጆንያ ጎትቼ፣ አንማውን አስነስቼ፣ ወንበሩ ላይ ጆንያውን አስቀመጥኩና አነሳሁት። ጥርት ብሎ ወጣ! የጆንያው ክር ይቆጠራል።

አየህ፣ ጆንያው ካንተ ይሻላል፣ አርፎ መቀመጥ ያውቃል አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው የሳቀው። ይህ ግን አሁን ሳስበው ነው እንጂ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። የወንበሩ እግር አጥሮ ይሆናል ብዬ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ወሸቅሁ። አምስተኛውን አነሳሁ። ብዥ።

ቅዳሜ ተመለስ፣ እስከዚያ ካሜራዋን እፈትሻታለሁ አልኩት። የሱቄን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ኮቱን አውልቅ ስለው «ጋሼ፣ ትንሽ ልቆይበት?» አለኝ። ለጓደኞቹ ሊታይበት መሰለኝ። ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ጤና ጣቢያው ከሱቄ ፊት ለፊት ነበር። መንገዱን መሻገር ብቻ ነው።

መቼም ገብቷችኋል። እኔ እዚያው ቆላ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወባ ስንት ጊዜ እንደጣለችኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በጠራራ ፀሐይ ኮት የሚያምረው ሰው ምን እንደያዘው ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን ካርቶን አጥፌ የወንበር እግር እደግፍ ነበር።

ቅዳሜ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። አገሩ ገብቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሽማግሌ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው በላብ ርሷል። በእጃቸው የእኔን ቁራጭ ወረቀት ይዘዋል። ጋሽ ጫኔ ይባላሉ፤ የአንማው አባት ናቸው። አንማው ሰሊጥ ሲያጭድበት በነበረው እርሻ ካምፕ ውስጥ ሞቶ እዚያው አካባቢ ተቀብሯል። ወረቀቱን ያገኙት ከሱሪው ኪስ ነው። አገር ቤት ለቅሶ ሊቀመጡ ነው፤ ሬሳ ግን የለም። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ መሀል የሚቆመው ፎቶ ነው። እሱን እያዩ ነው የሚያለቅሱት። አንማው ደግሞ ከእኔ ዘንድ በቀር በዕድሜው ፎቶ ተነስቶ አያውቅም።

«እናቱ ፊቱን ሳትይዝ እንዳትመጣ ብላኛለች» አሉኝ።

ካሜራዋን ከፈትኩ። አምስቱን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ስክሪኗን ወደ ዓይናቸው አስጠጓት፣ አራቋት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት። ብዥታው የሚጠረግ መስሏቸው ነው። ከዚያ ቀና ብለው «ልጀ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን ብነግራቸው፣ ኪኒኑ መንገድ ማዶ እያለ ልጃቸው በጆንያ እየተሾፈበት እንደነበር ተሸክመው ጎጃም ሊገቡ ነው። ለእሳቸው አዝኜ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። እሱ ውሸት ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው።

«አይ አባቴ፣ ጥፋቱ የካሜራዋ ነው» አልኳቸው። «ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ተበላሽታብኛለች።»

«እሱስ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። እንዲያውም ይስቅ ነበር።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ሦስተኛውን መረጡ፤ ቅንድቡ ይታወቃል አሉ። ለእኔ ከሌሎቹ የተለየ ነገር አልታየኝም።

ፎቶ የሚታጠበው ጎንደር ስለነበር አብሬያቸው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ማጠቢያ ቤቱ ያለው ሰውዬ ፎቶውን ሲያይ ይሄን ደግሞ ፎቶ ብለህ ልታሳጥብ ነው ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ጫኔ ቀደሙኝ። «ካሜራው ነው እንጂ ልጁስ ደህና ነበር» አሉት። ሰውዬው አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ።

በትልቁ አሳጠብነው። ፎቶው ሲተልቅ ብዥታውም አብሮ ተለቀ። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል ተመልሰው ወረዱና ትከሻዬን ያዙኝ። አመሰገኑኝ። መረቁኝም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አደራህን ልጀ፣ ያን ካሜራ አሠራው፤ ሌላ የሰው ልጅ ሳይመጣብህ» አሉኝ።

«እሺ አባቴ፣ አሠራዋለሁ» አልኳቸው።

ሌላ ምን ይባላል? ካሜራዋ እኮ ጤነኛ ነበረች።